ከኬላው ወዲያ ያለ ዘመድ

ቀራንዮ ውስጥ መገርሳ ዲንሳን የማያውቅ ሰው ቢኖር ጆሮው የማይሰማ መሆን አለበት። ሰውዬው ገና ሳይታይ ይሰማል። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አልፎ ወደ ወጨጫ ተራራ በሚወጣው አዲስ መንገድ ላይ፣ ጣሊያኖች ባቆሙት ኬላ ሥር ተቀምጦ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ወሬ ያድላል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድሮ ጌቶች፣ ስለ ጅብ ጉልበት ይናገራል፤ ሰው ያጣ ቀን ደግሞ ለአህያ ይናገራል። ክፋት አልነበረበትም። ጉረኛ ነበር። ጉራ በደህና ዘመን የሰው ማሳቂያ ነው፤ በጠላት ዘመን ግን ቤት ያፈርሳል። መገርሳ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው።

አባቱ የወጨጫን ደን በመንግሥት ስም ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ እዚያ ደን ውስጥ ዝግባና ጥድ መቁረጥ ክልክል ነበር፤ ለማገዶ እንኳ የወደቀ እንጨት ካልሆነ አይነካም። መገርሳም ከአባቱ ኋላ ኋላ እየተከተለ እዚያው አደገ። የጉሬዛ መንጋ የት እንደሚያድር፣ ምንጩ በበጋ የት ላይ እንደሚደርቅ፣ የአውሬ ጎዳና በየት እንደሚያወጣ ያውቃል። ጣሊያን አዲስ አበባ ገብቶ ለቤት መሥሪያ ጣውላ ሲፈልግ ዓይኑን የጣለው እዚያ ደን ላይ ነው። መንገድ መቅደድ ተጀመረ። የአገሩ ሰው ለቀን ሥራ ተሰለፈ፤ መገርሳም መዶሻ ተሰጥቶት ድንጋይ ፈለጠ። አባቱ ቅርንጫፍ ሲሰበር ያልወደዱበት ጫካ ውስጥ ዝግባው እየተገነደሰ ሲወድቅ ይሰማል፣ እሱ ደግሞ በወደቀው ዝግባ ቦታ ላይ የሚነጠፈውን ድንጋይ ይፈልጣል። ነገሩ አንገብግቦታል። ስለ ሰማይ ስለ ምድሩ ሲያወራ የሚውል ሰው ስለዚህ ጉዳይ ግን ለሚስቱም ቢሆን ተንፍሶ አያውቅም።

መንገዱ ደኑን ሰንጥቆ ሱባ ድረስ ከዘለቀ በኋላ ኬላ ጠባቂ ተፈለገ። ኬላው ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፤ በአንድ ጫፉ ድንጋይ ታስሮበታል፣ ካሚዮን ሲመጣ ጠባቂው ገመዱን ይለቅና ግንዱ ሽቅብ ይነሣል። ለዚህ ሥራ ብዙ ሰው ቀርቦ ነበር። የጦሩ መኮንን፣ ሁሉም ተነንቴ የሚሉት መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው፣ ለእያንዳንዱ በአስተርጓሚ አንድ ጥያቄ ያቀርብ ነበር።

«ከኬላው ወዲያ፣ ከደኑ ማዶ፣ ዘመድ አለህ?»

ከደኑ ማዶ ያለው አገር አርበኞች የሚመላለሱበት ነው፤ ጣሊያኖቹ ሽፍታ ነበር የሚሏቸው። ከመገርሳ ፊት የቀረበው ሰው «አጎት አለኝ» ብሎ በየዋህነት መለሰ፤ በሰደፍ እየገፉ አባረሩት። መገርሳ ይህን አይቷል። አንዲት ልጁን ዱሬቲን በጥር ወር ለሱባው ገበሬ ለወዬሳ ድሯታል፤ የሰርጉ ዳስ እንኳ ገና አልፈረሰም። ነገር ግን ድንጋይ ፈለጣው ወገቡን ቆርጦታል። «ዘመድ የለኝም» አለ። ኬላውም የእሱ ሆነ።

ጎረቤቱ አልወደደለትም። ፊት ለፊት ባንዳ ብሎ የሰደበው የለም፤ ለዝክር የሚጠራው ግን ቀረ። ሚስቱ ዋጋነሽ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መገርሳ ይህን እንዳላየ ሆኖ ጉራውን ቀጠለ። «የጣሊያን መኪና እንኳ እኔን ሳያይ አያልፍም!» ይላል፤ የሚስቀው እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ የዚህ መንገድ ጠባይ እንዲህ ነው። ከቀራንዮ እስከ ደኑ ጫፍ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እንደ ሸክላ ይደርቅና ክረምት ሲገባ ጎማ ይውጣል። ስለዚህ ዝናቡ ሲበረታ መንገዱ ይዘጋል፤ ግንዱ በሰንሰለት ይታሰርና እስከ መስቀል ድረስ አይነሣም። ካሚዮን ብቻ ሳይሆን እግረኛም ክልክል ነው። ሥራ በሌለበት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ሽፍታ ነው ተብሎ ታውጇል፤ ቃኚው ጦርም ሳይጠይቅ ይተኩሳል። ባለፈው ዓመት የተዘጋው ሐምሌ አቦ ካለፈ በኋላ ነበር። አገሩም ይህንኑ ልማድ አድርጎ ይዞታል።

ከሰርጉ ዓመት አልፎ፣ የዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት አማቹ ወዬሳ ማር ይዞ በሰበታ በኩል ዞሮ መጣ። ዱሬቲ አርግዛለች፤ ክረምቱ ውስጥ ትወልዳለች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ይህን ማንም አይለውጠውም። አማቶቿ ቢወዷትም ባይወዷትም፣ ምጥ ሲይዛት የምትጣራው የገዛ እናቷን ነውና ለበኩሯ ወደ እናቷ ትመጣለች።

«ሆዷ ሳይገፋ በግንቦት ባመጣት ይሻላል መሰለኝ» አለ ወዬሳ፤ ቁጥብ ልጅ ነው። «በሰበታው ዙሪያ በዝግታ እንመጣለን።»

«በሰበታ? በዚያ ገደል?» መገርሳ ከመቀመጫው ተነሣ። «ምን ሲደረግ! የእኔ ልጅ ጣሊያን በድንጋይ ያስተካከለው መንገድ እያለላት በፍየል ጎዳና ትምጣ? በግንቦት ማሳህን ጥለህ የት ትመጣለህ? እርሻህን ጨርስ። ከሰኔ ሚካኤል ማግስት በበቅሎ አስቀምጠህ በደኑ መንገድ አምጣልኝ። ኬላው የእኔ ነው! እዚህ ስትደርሱ ግንዱን እንደ ንጉሥ በር አነሣላችኋለሁ።»

«ወታደር ቢያገኘንስ?»

«የመገርሳ አማች ነኝ በለዋ!»

ዋጋነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ ባሏን አየችው። ዘመድ የለኝም ብሎ የተቀጠረበትን ነገር ታውቃለች። ግን በአማች ፊት ባልን ማሳጣት ነውር ነውና ዝም አለች። ወዬሳም አማቱ እንዲህ ካለ አይሆንም ማለት አልቻለም፤ ቀኑን ቆርጠው ተለያዩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቸኮለ። ግንቦት ሳያልቅ መዝነብ ጀመረ፤ ሰኔ ሲገባ ወንዙ ሞላ። አንድ ግንድ የጫነ ካሚዮን ከመታጠፊያው ተንሸራቶ ገደል ገባ። በዚያው ሳምንት ግንድ ቆራጮቹ ሰፈር ላይ ተተኮሰ። የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ተነንቴው ራሱ ወደ ኬላው መጣና ግንዱን በሰንሰለት አሳሰረ።

«መንገዱ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል» ብሎ አስተረጎመ ሙንታዝ ኃይለ መስቀል። ሙንታዙ፣ ማለትም አሥር አለቃው፣ ከባሕር ምላሽ ከኤርትራ የመጣ፣ ኬላው ላይ አስካሪ ከሚባሉ ጥቂት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ጋር የተመደበ ወጣት ነው። «ከዚህ ወዲያ የሚንቀሳቀስ ነገር ካያችሁ ተኩሱ ነው የሚለው። ቃኚውም ዛሬውኑ ይጀምራል።»

መገርሳ የሰንሰለቱን መቆለፍ ሰማ። ነገ ሚካኤል ነው፤ ከነገ ወዲያ ዱሬቲ በበቅሎ ተቀምጣ በዚያ መንገድ ትመጣለች። በሰበታ ዞሮ ሱባ ለመድረስ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ የለም። ተነንቴውን «ልጄ ትመጣለች፣ ጦርህን ያዝልኝ» ማለትን አሰበ። ታዲያ «ዘመድ የለኝም አላልክም ወይ?» ሲለው ምን ሊመልስ ነው? ዋሽቶ ኬላ የያዘ፣ ዘመዶቹ ከሽፍታ አገር የሚመጡ ሰው! ገመዱ ለአንገቱ ብቻ ሳይሆን ለወዬሳም አንገት ይበቃል። ተነንቴው ሳይነገረው ሄደ።

የበዓሉን ዕለት እንዲሁ እንደተፋዘዘ ዋለ። ቤቱ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ዋጋነሽ ብዙ ዓመት አብራው ስትኖር ባሏ እንዲህ ዝም ብሎ አይታው አታውቅም። ይህ ዝምታው አስደነገጣት።

«የዱሬቲ አባት፣ ምን ሆነሃል? ተናገር እንጂ!»

ነገራት። መንገዱ ተዘግቶ ልጁ ደግሞ በዚያው መንገድ ትመጣለች፤ ወታደሩም ሳይጠይቅ ይተኩሳል። ዋጋነሽ ሁለት እጇን በራሷ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ያ ምላስህ!» አለች በመጨረሻ። «በግንቦት ላምጣት ሲልህ ምን ነበረበት? ንጉሥ በር ነው ያልከው! በገዛ ልጅህ ላይ ነው የጎረርከው!»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ይለኛል እንዴ!» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ግን ተረጋጋች። «እኔ እሄዳለሁ። አባትህ ይሄዱበት የነበረውን የአውሬ ጎዳና ንገረኝ፤ በየት ገብቼ በየት እወጣለሁ?»

«አንቺ? በዚህ ጭቃ?»

«አንተ ከኬላው ብትጠፋ ወዲያው ይፈልጉሃል። እኔን ማን ይፈልገኛል? እንጨት ለቃሚ ነኝ።»

እውነቷን ነው። መገርሳ ጎዳናውን ነገራት፤ ከኬላው ርቆ በደን ጠባቂዎቹ አሮጌ ጎጆ በኩል የሚገባ፣ ሽቅብ ወጥቶ መንገዱን ከትልቁ ዝግባ መታጠፊያ ላይ የሚያገኘው። እነ ዱሬቲን እዚያ ትጠብቃለች፤ ከመንገዱ አውጥታ ጎጆው ውስጥ ትደብቃቸዋለች፤ ሲመሽ ደግሞ ቀስ ብለው ይወርዳሉ።

«ብቻ አደራሽን ድምፅ አታሰሙ» አላት። «በዚያ ሸለቆ ሹክሹክታም ይሰማል።»

በማግሥቱ ሲነጋ ዋጋነሽ ገመድ በትከሻዋ ጥላ፣ ለአራስ የሚሆን ቅቤ በቅል ይዛ ወጣች። መገርሳ ኬላው ላይ ተቀምጦ ወደ ጫካው የሚገባውን ጉም ሲያይ አረፈደ። ሙንታዙ ጨዋታ ፈልጎ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አቦይ መገርሳ፣ ዛሬስ ምላስህን አውሬ በላው እንዴ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

ሙንታዙ አየት አደረገውና ተወው። ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ ነበር፤ መገርሳም ምናልባት ደርሳላቸዋለች ብሎ ማሰብ ጀምሮ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ፀሐይዋ ከጉሙ በላይ ሳትታይ እኩለ ቀን ሲቃረብ ተነንቴው ወታደር አስከትሎ በእግሩ ከተፍ አለ። አንዱ አስካሪ መትረየስ ተሸክሟል። ከግንድ ቆራጮቹ ሰፈር ያለው ቃፊር በመንገዱ ላይ በቅሎና ሰዎች አይቷል፤ ጉም ቢሸፍናቸውም ወደዚህ እየወረዱ ነው።

«ማን ሊሆን ይችላል?» ተነንቴው መገርሳን ጠየቀ።

«ጉሬዛ ይሆናል ጌታዬ። በጉም ውስጥ ጉሬዛ ሰው ይመስላል።»

«ጉሬዛ በቅሎ ይቀመጣል?» ወታደሮቹ ሳቁ። ተነንቴው አልሳቀም። «ደኑን ታውቀዋለህ። ምራን።»

መገርሳ የገዛ ልጁን ለሚገድሉ ሰዎች ከፊት ሆኖ መንገድ ሊያሳይ ነው። እምቢ ቢል ያለ እሱ ይሄዳሉ፤ መንገዱ እንደሆን ወለል ብሎ ይታያል። አብሮ ቢሄድ ግን ምናልባት ሊያዘገያቸው ይችላል። ስለዚህ ምርኩዙን ይዞ ቀደመ።

ከድንጋዩ ንጣፍ አውጥቶ በጭቃው በኩል ወሰዳቸው። «እዚህ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል» ይላል፤ አልቆረጠውም። ጥቁሩ አፈር ቦቲያቸውን ይዞ አልለቅም አለ፤ መትረየሱን የተሸከመው ሁለቴ ወደቀ። መገርሳም ድንገት ወሬው ተመለሰለት። ከፍ ባለ ድምፅ ስለ አባቱ ያወራል፣ ስለ ነብር ያወራል፣ «እዚህ ጋ ተጠንቀቁ ወታደሮች!» እያለ ይጮኻል። ሚስቱ ጆሮ አላት፤ ወታደር የሚለውን ቃል ከሰማች ትደበቃለች። ሦስተኛው ጩኸት ላይ ተነንቴው ዞረና በአለንጋው እጀታ አፉን መታው። ጥርሱ ተነቀለ። ሙንታዙ ቀረብ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ «አንዲት ቃል ከደገምክ ይገድልሃል» አለው። መገርሳ ደሙን ዋጠና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጭቃው ድምፅ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ትልቁ ዝግባ መታጠፊያ ያቀርባቸዋል። መገርሳ በልቡ ልጁን ተመለሺ ይላታል፤ በልቡ መድኃኔ ዓለምን ይለምናል፤ በልቡ ያን የዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት ይረግማል። እንዲህ ያለ ፍርሃት በጦርነቱ ጊዜ እንኳ አላየም። ያን ጊዜ የፈራው ለራሱ ነበር።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ፊተኛው አስካሪ እጁን አነሣ። ጉሙ ገለጥ ሲል ከወደቀ ግንድ ጀርባ የአንዲት በቅሎ ጀርባና ጆሮ ታየ። አጠገቧ የሰው ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል። በቅሎዋ ኮርቻዋ ወርዷል። መገርሳ ይህን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ምጥ ቀን አይጠብቅም፤ የበቅሎው ጉዞ አፋጥኖባታል። ዋጋነሽ ደርሳላቸው ነበር፤ ግን ልታንቀሳቅሳት አልቻለችም።

ተነንቴው በእጁ ምልክት ሰጠ። መትረየሱ ድንጋይ ላይ ተጠመደ። አስካሪዎቹ በግራና በቀኝ ተኙ፣ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ተነንቴው ጉሙ ጥርት እስኪል እጁን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። መገርሳ ያችን እጅ ያያል፤ ሌላ ምንም አያይም።

በዚህ መካከል እልልታ ተሰማ።

የዋጋነሽ ድምፅ ነው። ድምፅ አታሰሚ ተብላ አደራ ተቀብላለች፤ ወታደር እንዳለም ታውቃለች። ነገር ግን ልጅ ተወለደ። በዚህ አገር የተወለደ ልጅ እልል ካልተባለለት የሰው ልጅ መምጣቱን ማን ያውቃል? ሞቶ የተወለደ ነው እልልታ የማይባልለት። ዋጋነሽ እጇ ላይ ያለው ሕፃን ሲላወስ ስታይ አደራውንም ወታደሩንም ረሳች። እልልታዋ ሸለቆውን ሞላው፤ ሦስት ጊዜ ብላ አቆመች። ለወንድ ቢሆን ሰባት ነበር። መገርሳ ሴት ልጅ መሆኗን እዚያው ቆሞ አወቀ።

ተነንቴው የሚያውቀው እልልታ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት አርበኞቹ በጦሩ ላይ ሲወርዱ ሴቶቻቸው ከተራራው ላይ እልል ይሉ ነበር፤ ከእልልታው ቀጥሎ የመጣው ጥይት ነው። ፊቱ ነጣ። «ወጥመድ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እጁን ሊያወርድ ነው።

መገርሳ ዘሎ መንገዱ መሐል ገባና በመትረየሱ አፍ ፊት ቆመ። አትተኩሱ ሊል ነበር። በደም የተሞላው አፉ ሲከፈት ግን የወጣው እልልታ ነው። ወንድ ልጅ እልል አይልም፤ ያፍራል። የመገርሳም እልልታ የታመመ ፍየል የሚጮኽ ይመስል ነበር። ሆኖም እስትንፋሱ እስኪያልቅ እልል አለ። ከአስካሪዎቹ አንዱ ሳያስበው በሣቅ ፈረሰ፤ ሌላው አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ሙንታዙ ብድግ ብሎ በጣሊያንኛ መናገር ጀመረ።

«ተነንቴ፣ የጦር አይደለም! ሴት ወልዳ ነው! በእኛም አገር እንዲሁ ነው የሚደረገው!»

የተነንቴው እጅ በአየር ላይ ቆመች። በዚያው ቅጽበት ከግንዱ ጀርባ ወዬሳ ሁለት እጁን አንሥቶ ወጣ። ወታደሮቹ ሮጠው ያዙትና ዝግባው ሥር አንበረከኩት። ከኋላው በተዘረጋ ጋቢ ተከልሎ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማል።

ተነንቴው መነጽሩን ጠረገ። ድምፁ ተመልሶ ቀዝቅዟል። ሙንታዙም አስተረጎመ።

«ሴቶቹ ይሂዱ ብሏል። ወንዱ ግን በተዘጋ መንገድ ላይ የተገኘ ነው። እዚሁ ይረሸናል።» ከዚያ በፍጥነትና ዝቅ ባለ ድምፅ የራሱን ጨመረ። «አቦይ መገርሳ፣ አንተ አላውቃቸውም በል። ደንግጬ ነው ዘልዬ የገባሁት በል፤ እኔ አስተካክልልሃለሁ። አለበለዚያ አንተም ትጠፋለህ።»

መገርሳ ወዬሳን አየው። ልጁ ቀና ብሎ አላየውም፤ አማቱን ላለማስያዝ ዓይኑን ጭቃው ላይ ተክሏል። አማች ነኝ በለው ተብሎ ነበር፤ ቃል አልተነፈሰም።

«ልጄ ናት የወለደችው» አለ መገርሳ። «ይኸም አማቼ ነው። በዚህ መንገድ ኑ ብዬ ቀን የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ። ሳይዘጋ ነው የቀጠርኳቸው፤ መዘጋቱን አያውቁም። ከኬላው ወዲያ ዘመድ የለኝም ያልኩት ውሸት ነው። ያለኝ ዘመድ ሁሉ እዚህ ነው። ሳትቀንስ ንገረው።»

ሙንታዙ ሳይቀንስ ነገረው። ተነንቴው ለሁለት ሰው አንድ ቅጣት በቂ ነው ብሎ ይሆን፣ ወይም የሕፃኗ ለቅሶ አላስችለው ብሎ፣ ይህን ማንም አላወቀም። በጣቱ ወዬሳን ወደ ጋቢው፣ መገርሳን አንዱ አስካሪ ወደያዘው ገመድ አመለከተ።

እጁን የፊጥኝ አሰሩት። ዋጋነሽ ከጋቢው ጀርባ «የዱሬቲ አባት! ደህና ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» እያለች ትጮኻለች፤ እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ወንድ ልጅ በሴት ማዋለጃ በኩል አያይም፤ አባትማ ጨርሶ አያይም። ዞር ብሎ ሊያይ ልቡ ቋመጠ፤ አላደረገውም። «አባዬ!» የሚል የዱሬቲ ደካማ ድምፅ ከኋላው ሲመጣ አንገቱ እንኳ አልዞረም። «እናትሽ ቤት ግቢ» አለ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ እንዳደረገ። ከዚያ ገፍተው ወሰዱት።

ወዬሳና ዋጋነሽ አራሷን በቃሬዛ አውርደው ቀራንዮ አስገቧት። ሲነጋ ከጎረቤት ሴቶች አንዷ ዱቄት ይዛ መጣች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ዋጋነሽ ማንንም ለምን ቀረሽ አላለችም። መገርሳ ግን አልተመለሰም። ወደ ቆላ ተወስዶ ከእስረኞች ጋር ሌላ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈለጠ። እዚያ ክረምት የለም፤ ስለዚህ ሥራው አይቆምም። አብረውት የታሰሩት ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት ጉራውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነበር፤ ጉልበቱ ሲዝል ብቻ «የልጅ ልጅ አለችኝ» ይላል። ምን ትመስላለች ሲሉት መዶሻውን ያነሣል፤ አላያትም።

ጣሊያን ሲወጣ እስረኛው ሁሉ ተበተነ። መገርሳ በእግሩ፣ በልመና፣ ባገኘው ጭነት መኪና እየተንጠለጠለ ቀራንዮ ደረሰ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ ትከሻው ጎብጧል። ያወቀው ሰው ስላልነበረ ማንም ሳያስቆመው የገዛ ግቢው ደጃፍ ላይ ደረሰ። ዋጋነሽ ምንጭ ወርዳለች፤ ከእሷ ጋር እዚያው የቀሩት ዱሬቲና ወዬሳ ከእርሻ አልተመለሱም። በሩ ላይ አንዲት ቁንጮ ያላት ትንሽ ልጅ ጭቃ ታቦካለች።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። አያቷ ለእንግዳ የምትለውን ሰምታ ይሆናል፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለችው።

መገርሳ በጉልበቱ ተንበርክኮ ፊቷን አየ፣ ግንባሯን፣ አገጯን፣ በጭቃ የተዥጎረጎረ ጉንጯን፣ አንዱንም ሳይዘል ሁሉንም አየ።

«አንቺን» አላት።

ልጅቱም ጥቂት አሰበችና ጭቃ በሞላ እጇ ጣቱን ይዛ ወደ ቤት አስገባችው።